«ሽ!» ያለችኝ ሴትዮ

ፍራንክፈርት ሲኒማ ቤት ስገባ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ነው። ሰዉ ፈንዲሻውን እንኳ ፈራ ተባ እያለ ነው የሚያኝከው። አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ አልለመድኩትም። ባለፈው ዓመት ግን ነገሩ ባሰ።

አንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት «ላምብ»ን አሳየች። የያሬድ ዘለቀ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ ሲገባ ከኢትዮጵያ ፊልሞች የመጀመሪያው ነበር። እናቱ የሞተችበት ልጅ፣ ኤፍሬም፣ ከነበጉ ዘመድ ቤት ይቀመጣል። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል። አጎትየው ይሄን ሲያይ ይንጨረጨራል። እዚህች ላይ ሳቄ አመለጠኝ። ምን ላድርግ፣ የገዛ አጎቴን እኮ ነው ያየሁት! ምጣድ አጠገብ ባገኘኝ ቁጥር ኩርኩም የሚያቀምሰኝን።

ከፊቴ የተቀመጠች ሴትዮ ዞር ብላ «ሽ!» አለችኝ።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ አማርኛ የሚሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ከሥር የተጻፈውን ነው የሚያነበው። እና ቀልዱ የገባው ሰው ነው ዝም በል የሚባለው?

ፊልሙ ሲያልቅ ሴትዮዋ ጠጋ ብላ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ወሎ አልኳት። አንገቷን ሰበረች። የ1977ቱ ድርቅ ትዝ ብሏት ነው፤ በእሷ ዕድሜ ያለ ጀርመናዊ እኛን ያወቀው በዚያ ነው። አልፈርድባትም። እኔ ግን ስለ አጎቴ ነበር ልነግራት የፈለግሁት።

እኛ ደሴ ፊልም ያየነው በዝምታ አይደለማ። ሸዋበር፣ ቪዲዮ ቤት፣ ሃምሳ ሳንቲም፣ አግዳሚ ወንበር፣ የህንድ ፊልም። ህንድኛ የሚሰማ አንድም የለም፤ ዝም የሚልም የለም። ቀድሞ ያየው «አሁን ይሞታል!» ብሎ ይነግርሃል። አክተሩ የሚደበድበው ሰው ወንድሙ መሆኑን እኛ አውቀን እሱ አላወቀም፤ «ኧረ ወንድምህ ነው!» እያልን እንጮሃለን። ሰምቶን አያውቅም።

ዘንድሮ አገር ቤት ከመሄዴ በፊት የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ብቻዬን ደግሜ አየሁት። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ አንድ እግሩን እዚያው አጥቶ እናቱ ጋ ይመለሳል። አለቀስኩ። ከሳምንት በኋላ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ ስገባ፣ እኔ ሁለት እግርና ሁለት ሻንጣ ይዤ «ይቺው ናት?» ተባልኩ።

ማታ አክስቴ ቤት ላፕቶፔን ከፍቼ «ላምብ»ን አሳየኋቸው። ጎረቤት ሳይቀር መጥቷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። አቦሉ ጀባ ሳይባል አክስቴ ጀመረች። «ወላሂ ይሄ በግ እኮ አልሰባም! ምኑን ሊያርዱት ነው?» ልጁ ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ሲሸጥ ደግሞ ሴቶቹ ስለ ሊጡ ክርክር ገጠሙ። ከፊልሙ ግማሹን አልሰማሁትም። ደስ ሲል!

በማግስቱ የጀርመን ፊልም አመጣሁ። «የሌሎች ሕይወት» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ ኦስካርም ያገኘ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1984፣ ቦታው ምሥራቅ በርሊን። የሽታዚ (የምሥራቅ ጀርመን ደህንነት) ሰላይ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የአንድ ደራሲን ቤት ያዳምጣል። እኔ እየተረጎምኩ ነው። ስለ ሽታዚ ምንነት ላስረዳ አፌን ስከፍት አክስቴ ቀደመችኝ።

«ይሄማ የቀበሌ ሰው ነው።»

መች ተሳሳተች? ምሥራቅ ጀርመን የደርግን የደህንነት ሰዎች አሠልጥናለች። ዘመዳማቾች ናቸው።

ደራሲው የጽሕፈት መኪናውን በር ደፍ ሥር ሲደብቅ አክስቴ ጀበናውን አስቀመጠች። «እኛ ደፍ አልነበረንም» አለች። የወንድሟን መጻሕፍት ምጣድ ሥር ማግዳ ነው የጨረሰቻቸው። «ሦስት ቀን ጋገርን። ሊጡ አልቆ እሳቱ ቀጠለ። ጎረቤት ድግስ አላችሁ ወይ አለን።» ይሄን ታሪክ ዕድሜዬን ሙሉ አልሰማሁትም ነበር። ፍራንክፈርት ብትሆን ደግሞ ሳትጨርሰው «ሽ!» ትባል ነበር።

ከዚያ መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፣ ያለ ሶኬት አሥር ደቂቃ አይቆይም። ሻማ ተበራ፣ በረካው ወረደ፣ መብራት የለም። በሁለተኛው ቀንም የለም። በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ለቅሶ ቤት ነበርን። ስንመለስ ጠፋ። ከስድስት ሰዓት በላይ በአውሮፕላን ተሸክሜ ያመጣሁት ፊልም ጫፉን ሳናየው ሻንጣ ውስጥ ገባ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ፍራንክፈርት በገባሁ በሳምንቱ አክስቴ ደወለች። ሰላም ገብተህ ነው ወይ የለ፣ ምን የለ።

«አንተ ልጅ፣ ያ ሰውዬ መጨረሻው ምን ሆነ?»

ነገርኳት። ደራሲውን እንዳዳነው፣ በዚያም ከሹመቱ ወርዶ ምድር ቤት ፖስታ እንዲከፍት እንደተደረገ፣ ግንቡ ከፈረሰ በኋላም በየቤቱ ወረቀት እያደለ እንደሚኖር።

ትንሽ ዝም አለች።

«ጡረታም አላስከበሩለት?»