ኮሚክ የሰዓሊውም ድርሰት ነው

ስለ ኮሚክ ሲወራ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «የማን ድርሰት ነው?» ነው። ዋችመን የአለን ሙር ነው ይባላል። ሳንድማን የኒል ጌይማን፣ ሳጋ የብራያን ኬ. ቮን። ሰዓሊው ከተነሳ መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም «ስዕሉም አሪፍ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። ኮሚክ ላይ ታሪኩን ለዓይናችን የሚተርከው ሰዓሊው ነው። ደራሲው ብቻውን እንደሠራው አድርጎ ማውራት ስህተት ነው፣ በደልም አለበት።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። በፈረንጆቹ 1966 የወጣው አሜዚንግ ስፓይደር-ማን ቁጥር 33። ፒተር ፓርከር፣ ማለትም ስፓይደር-ማን፣ ከባድ ማሽን ተጭኖት ወለል ላይ ተዘርሯል። የአክስቱን የሜይን ሕይወት የሚያተርፈው መድኃኒት እዚያው ፊት ለፊቱ ወድቋል፣ ግን እጁ አይደርስም። ከላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ታሪኩ ይሄው ነው፤ ለሰው ብትነግሩት በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ሰዓሊው ስቲቭ ዲትኮ ግን አምስት ገጽ ያህል ሰጠው። ልጁ ማሽኑን ለማንሳት ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ የሞተው አጎቱ ትዝ ይለዋል፣ እንደገና ይሞክራል። መጀመሪያ ገጹን የሚከፍሉት የስዕል ሳጥኖች ጠበብ ያሉ ናቸው፣ ልጁ ውስጣቸው ታፍኖ ነው የምታዩት። ማሽኑ ቀና ማለት ሲጀምር ሳጥኖቹም አብረው ይሰፋሉ። ከዚያ ገጹን ትገልጣላችሁ። ሙሉ ገጽ የያዘ አንድ ስዕል፤ ልጁ ማሽኑን ከላዩ ላይ ገፍቶ ቆሟል! እስካሁን ሳየው እኔም አብሬ እተነፍሳለሁ። የደራሲው የስታን ሊ ንግግር ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ጽሑፉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ስዕሉን ብቻ እዩት፣ ስሜቱ ንቅንቅ አይልም።

የዚያን ዘመን አሠራር ለማያውቅም ልንገር። ስፓይደር-ማንን በሚያሳትመው ማርቭል ቤት ሊ ሙሉ ስክሪፕት ጽፎ አይሰጥም ነበር። ሐሳቡን ባጭሩ ይነግራል፣ ሰዓሊው ገጾቹን ራሱ አስቦ ይስላል፣ ሊ ደግሞ በተሳለው ላይ ንግግሩን ይሞላል። ዲትኮማ በመጨረሻው ላይ ታሪኩን ራሱ እንደሚያወጣ ኮሚኩ ላይ ተጽፎለታል። ሌላው የማርቭል ሰዓሊ ጃክ ከርቢ ደግሞ የፋንታስቲክ ፎር ቁጥር 48ን ገጾች ሲያመጣ፣ ሊ ጨርሶ የማያውቀው ገጸ ባሕርይ በሰርፍ ሰሌዳ ሕዋ ላይ ይበር ነበር። ዓለማትን የሚበላውን ጋላክተስን የሚያህል ፍጡር መልእክተኛ ያስፈልገዋል ብሎ ከርቢ በራሱ የጨመረው ነው። ሲልቨር ሰርፈር እንደዚያ ተወለደ። ታዲያ ይሄ ሰው «ሥዕሉን የሣለው» ተብሎ ይታለፋል?

ለዓመታት የታለፈው ግን እንደዚያ ነው። ከርቢ የሚከፈለው በገጽ ሒሳብ ነበር። በ1980ዎቹ ማርቭል የቆዩ ኦሪጅናል ስዕሎችን ለሰዓሊዎች መመለስ ሲጀምር እሱን ሌሎቹ ያልተጠየቁትን ረጅም ውል ፈርም አሉት፣ ጭቅጭቁ ዓመታት ፈጀ። በ1987 የተመለሱለት ወደ 1,900 ገጽ ናቸው። ለኩባንያው የሣለው ከ10,000 ገጽ በላይ እንደሆነ ይገመታል። በ1994 ሞተ። ቤተሰቦቹና ማርቭል ስምምነት ላይ የደረሱት በ2014 ነው፣ ሃያ ዓመት ቆይቶ። የማርቭልን ፊልም ተሰልፎ የሚያይ ትውልድ የሊን ፊት በደንብ ያውቃል፣ የከርቢን ስም ግን ስንቱ ያውቀዋል?

«እሱ ድሮ ቀረ፤ ሙር እኮ እያንዳንዷን ሳጥን በዝርዝር ነው የሚጽፈው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ የሙር ስክሪፕት በዝርዝርነቱ የታወቀ ነው። ግን ገጹን በዘጠኝ እኩል ሳጥን የመክፈሉ ሐሳብ የዋችመን ሰዓሊ የዴቭ ጊበንስ ነው። እስቲ ያንን ከኮሚኩ ላይ አንሱት። ቁጥር 5 ላይ የመጀመሪያው ገጽ ከመጨረሻው፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ካለው ጋር እንደ መስታወት ይገጥማል፣ እንዲህ እያለ መሀል ላይ ይገናኛል። ያን ዓይነት ነገር የሚቻለው እንደዚያ ሥርዓት የያዘ ገጽ ሲኖር ነው። ቀለሙን የሠራው ጆን ሂጊንስ ደግሞ ጭራሽ ስሙም አይነሳ።

ለእኛ እኮ ይሄ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ሳጥኖች የሚተርከውን የሸራ ስዕል ያላየ ማን አለ? ዘንዶው፣ የንግሥቲቱ ጉዞ፣ የሰሎሞን ግብዣ፣ ሌሊት ውሃ ፍለጋ መነሳቷ፣ የምኒልክ መወለድ። ሳጥኖቹ ላይ አጭር ጽሑፍ ይኖራል፣ ግን ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ከላይ እስከ ታች ይከተለዋል። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱን ሸራ ከሌላው የሚያስበልጠው የሰዓሊው እጅ ነው።

ወደ ሳንድማን ስመጣ ነገሩ ትንሽ ይከብዳል። ከ1989 እስከ 1996፣ 75 ቁጥር፣ ብዙ ሰዓሊ። አንዳንዱ ጋ ስዕሉ ደከም ይላል፣ ታሪኩ ብቻውን ሲጎትተው ይታወቃል። ግን ካይንድሊ ዋንስ የሚባለውን ትልቁን ክፍል ማርክ ሄምፔል ሲይዘው ሌላ ነገር ይሆናል። ብዙ አንባቢ አይወደውም፣ ስዕሉ ቀለል ያለና ማዕዘናም ነው፤ «ካርቱን መሰለ» ይላሉ። በእኔ እምነት የሳንድማን ምርጡ ስዕል ያ ነው። ፊቶቹ ወደ ቅርጽና ጥላ ይለወጣሉ፣ የሚመጣውን መዓት ገና ማንም ሳይናገረው ታዩታላችሁ። ስለዚህ ሰዓሊ መቀየሩ በራሱ አያስከፋኝም፣ ለታሪኩ ተብሎ ከሆነ። የሚያበግነኝ ሱፐርሂሮ ኮሚኮች ላይ ቀኑ ደረሰ ተብሎ በታሪኩ መሀል ሌላ ሰው ሲተካ ነው። ባለፈው ወር ያወቃችሁት ፊት በዚህ ወር ሌላ ሰው ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ሳጋን የማከብረው ለዚህ ነው። በ2012 ተጀመረ፣ በ2018 ቁጥር 54 ላይ ልብ ሰቅሎ ቆመ፣ የተመለሰው በጥር 2022 ነው። ያን ሁሉ ጊዜ እንደዚያ የሚሸጥ ኮሚክ በሌላ ሰዓሊ ማስቀጠል ይቻል ነበር። አላደረጉትም። ሰዓሊዋ ፊዮና ስቴፕልስ ስዕሉንም ቀለሙንም ራሷ ነው የምትሠራው፣ የተራኪዋ የሄዘል ቃል እንኳን ገጹ ላይ የሰፈረው በስቴፕልስ የእጅ ጽሕፈት ነው። የሄዘል እናት አላና ሕፃኗን ታቅፋ በንቀት ቀና ብላ ስታይ፣ ያ ፊት ከየትኛውም ስክሪፕት አይገኝም። ሳጋን ለሰው ስመክር «የቮንና የስቴፕልስ» ብዬ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ጥራ ካላችሁኝ ደግሞ ስቴፕልስን እጠራለሁ።