ይቀመጥ፣ ያስፈልግ ይሆናል

ታብሌቱ «ማከማቻዎ ሊሞላ ነው» ብሎ ሲያስጠነቅቅ የሰው ጠባይ ይገለጣል። አንዱ ማስጠንቀቂያውን በአውራ ጣቱ ጠረግ አድርጎ ያባርረውና ሥራውን ይቀጥላል። ሌላው ለመሥዋዕት የሚሆን አፕ ፍለጋ ይነሣና ሰሜን ወዴት እንደሆነ የምታሳየውን ኮምፓስ ያገኛል፤ 5 ሜጋባይት የማትሞላ፣ በማንም ላይ ክፉ ያላሰበች ምስኪን። እሷን ያጠፋና ትልቅ ዕዳ እንደከፈለ ሰው በረጅሙ ይተነፍሳል። ከጎኗ 11 ጊጋባይት ይዞ የተንሰራፋውን የሙዚቃ አፕ ግን ቀና ብሎም አያየው። ትልቁን ፈርቶ ትንሹን መግፋት ታብሌት ላይም አልቀረልንም።

አፑ ራሱ ከጥቂት መቶ ሜጋባይት አያልፍም። የቀረው ባለቤቱ «ይቀመጥ፣ ያስፈልግ ይሆናል» እያለ ያወረደው ነው። ዘፈኑ እኮ የትም አይሄድም፤ የአፑ ኩባንያ ሰርቨር (በኢንተርኔት የሚገኝ ትልቅ ኮምፒውተር) ላይ ቁጭ ብሎ ጠሪውን ይጠብቃል። በየወሩ የምንከፍለውም ለዚሁ ነው። እኛ ግን መጋዘን ተከራይተን ዕቃውን መልሰን ሳሎን ውስጥ እንቆልላለን፤ ከዚያ «ቤቱ ጠበበ» እንላለን።

የቤቱ ስፋት ራሱ መጀመሪያ ከተነገረን ያንሳል። አምራቹ አንድ ጊጋባይት የሚለው አንድ ቢሊዮን ባይትን ነው። አንዳንዱ ታብሌት ደግሞ በ1,024 እየቆጠረ ካርቶኑ ላይ 32 ጊጋ የተባለውን 32 ቢሊዮን ባይት 29.8 አድርጎ ያሳየዋል። በዚህ ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙና ከፋብሪካ ተጭነው የሚመጡት አፖች ድርሻቸውን ያነሣሉ። ስንት እንደተረፈ ማወቅ የፈለገ ካርቶኑን ትቶ ሴቲንግ ውስጥ «ስቶሬጅ» የሚለውን ይክፈት።

የዘፈን ክብደት የሚወሰነው በዘፋኙ ዝና ሳይሆን በጥራቱ ነው። ጥራት የሚለካው በኪሎቢት በሰከንድ ነው፤ ቁጥሩን ለ8 አካፍሎ በ60 ቢያባዙት አንድ ደቂቃ ሙዚቃ ስንት ኪሎባይት እንደሚበላ ይነግራል። 320 ኪሎቢት በደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ይበላል፤ የአራት ደቂቃ ዘፈን 9.6 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። በ160 ያው ዘፈን 4.8፣ በ96 ደግሞ 2.9 ገደማ ነው። ያልተጨመቀ የሲዲ ድምፅ 1,411 ኪሎቢት ስለሆነ ዘፈኑ 42 ሜጋባይት ይደርሳል። «ሎስለስ» የሚባለው ከድምፁ ምንም ሳይጥል ያጣጥፈውና አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሜጋባይት ባለው ውስጥ ያስገባዋል። አንድ ሺህ ዘፈን እንግዲህ በ96 ሦስት ጊጋ አይሞላም፣ በ320 ወደ አሥር ይጠጋል፣ በሎስለስ ባለ 32 ጊጋውን ታብሌት እንዳለ ሊወስደው ይችላል።

ታዲያ ሎስለስን የሚመርጠው ማነው? ብዙ ጊዜ ታብሌቱን ሶፋ ላይ ደፍቶ በራሱ ድምፅ ማጉያ የሚያዳምጠው ሰው ነው። ከፍ ያለው ደግሞ የብሉቱዝ ማዳመጫ አለው። ኤስቢሲ የተባለው የተለመደው የብሉቱዝ ኮዴክ (ድምፅ ጨምቆ የሚያስተላልፍ ዘዴ) በጥሩ ቀኑ 328 ኪሎቢት ያህል ነው የሚያሳልፈው፤ ያ ሁሉ ጊጋ የተሰዋለት ድምፅ ጆሮ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እንደገና ይጨመቃል። ሰውየው ግን «ልዩነቱ ይሰማኛል» ይላል። ቤቱ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ጭኖ ፊት ፊቱን ያያል። እንግዳው ምን ያድርግ? ይሉኝታ ይዞት «ውይ፣ በጣም ይለያል!» ይላል። በዚች አንዲት ምስክርነት ሌላ አምስት አልበም ይወርዳል።

ለታብሌት 160 ኪሎቢት አካባቢ ይበቃል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች፤ ዘፈኑ በቀጥታ ከኢንተርኔት የሚደመጥበት ጥራትና የሚወርድበት ጥራት ሴቲንግ ውስጥ ለየብቻ ነው የሚመረጡት። የመጀመሪያውን መቀነስ የኢንተርኔት ወጪን ይቀንሳል እንጂ ከማከማቻው ላይ አንዲት ሜጋ አያስለቅቅም። ቦታ የሚበላው «ዳውንሎድ» በሚለው ሥር ያለው ነው። እሱንም ቀይሮ ተአምር መጠበቅ አይገባም፤ በአንዳንዱ አገልግሎት ድሮ የወረደው ዘፈን በድሮ ክብደቱ ይቀመጣል፣ በሌላው ደግሞ ሁሉም እንደ አዲስ መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ አስቀድሞ የወረደውን ማጥፋት፣ ቀጥሎ ጥራቱን መቀየር፣ ከዚያ ዋይፋይ ላይ ሆኖ የሚፈለገውን ብቻ መልሶ ማውረድ ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው የሞባይል ዳታው በአንድ ሌሊት ሲያልቅ «ቫይረስ ገባብኝ» ብሎ ያወራል።

ቸርነታችንም ቦታ ያስበላል። ስፖቲፋይ ላይ የወደድናቸው ዘፈኖች ዝርዝር አናት ላይ አንዲት የማውረጃ ቀስት አለች፤ አንዴ ከተነካች በኋላ የወደድነው ዘፈን ሁሉ ሳይጠየቅ ይወርዳል። ለሁሉ ልቡን የሚሰጥ ሰው በሳምንት ውስጥ ታብሌቱን ያስጨንቃል። አፕል ሙዚቃ «ኦቶማቲክ ዳውንሎድ» የሚል ማብሪያ አለው። ዩቲዩብ ሙዚቃ ደግሞ «ስማርት ዳውንሎድ» ከተከፈተለት ሰውየው ምን እንደሚያዳምጥ አይቶ «ይህም ይስማማዋል» እያለ በራሱ ሥልጣን ያወርድለታል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ሦስቱንም ማጥፋት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፖድካስት ካለ እሱም ይታይ፤ የአንድ ሰዓት ወሬ በ128 ኪሎቢት 58 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ በ320 የወረዱ ስድስት ዘፈኖች ማለት ነው። ወሬ ከዘፈን የሚከብድበት ቦታ ይኸው ተገኘ።

ወደ ቤተሰብ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። አንድ ታብሌት ለአራት ሰው ሲሆን ሞላ በተባለ ቁጥር ችሎት ይሰየማል።

«አባዬ፣ ሞልቷል ይላል።»

«ጨዋታሽን አጥፊ።»

«የአባዬ ዘፈን 9 ጊጋ ነው እኮ!»

«እሱ ሙዚቃ ነው።»

ፍርዱ ተሰጠ፤ ይግባኝ የለውም። የሚያሳዝነው ግን አባትየው የማያውቁት ሌላ ጉድ መኖሩ ነው። አንድሮይድ ከ4.2 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በአንድ ታብሌት ላይ ለየሰዉ የራሱን ፕሮፋይል መክፈት ይፈቅዳል። ፕሮፋይሎቹ ግን ጓዳቸውን አይጋሩም። አባት ያወረዱትን አልበም እናትም በራሳቸው ፕሮፋይል ካወረዱት፣ ልጅቷም ከደገመችው፣ ያው አልበም ሦስት ጊዜ ተቀምጧል። አንዱ ቢያጠፋ የሌሎቹ አይነካም፤ እያንዳንዱ በየፕሮፋይሉ ገብቶ የራሱን ማጽዳት አለበት። «ሁላችንም አንድ አካውንት እንጠቀም» የሚል ብልህ ከተነሣ ደግሞ ይምከሩት፤ በብዙ አገልግሎት ከአካውንት መውጣት የወረደውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። በአንድ ፕሮፋይል ያለ አንድ ሰው ብቻ ቢያወርድና የቀሩት በዋይፋይ ቢያዳምጡ ይሻላል። ይህ ሰው ማን ይሁን የሚለው ግን የቴክኒክ ጥያቄ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ አፕስ፣ ከዚያ የሙዚቃ አፑ፣ ከዚያ ስቶሬጅ ሲባል ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን ይመጣሉ። አንደኛው «ክሊር ካሽ» ነው፤ ዘፈን ስናዳምጥ አፑ ለጊዜው የሚይዘውን ትርፍራፊና የአልበም ሥዕሎች ይጠርጋል፤ ብዙውን ጊዜ ማንንም አይጎዳም። ሁለተኛው «ክሊር ዳታ» ወይም «ክሊር ስቶሬጅ» ነው። እሱ ከተነካ አፑ ልክ ዛሬ እንደተጫነ ይሆናል፤ የወረደው ሁሉ ይጠፋል፣ የይለፍ ቃልም እንደገና ይጠየቃል። የይለፍ ቃሉን ደግሞ ማንም አያስታውሰውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ይኸው ነው። መጽናኛው ፕሌይሊስቱና የተወደዱት ዘፈኖች ዝርዝር አካውንቱ ላይ ስለሚቀመጡ ተመልሶ ሲገባ መገኘታቸው ነው። የወረዱት ፋይሎች ግን እንደገና ይወርዳሉ።

በየቀኑ ካሽ የሚያጸዳም ሰው አለ፤ ጽዳት ይወዳል። ካሹ ነገ ተመልሶ ይሞላል፤ ትናንት ያዳመጠውን ዘፈን ዛሬ እንደገና ከኢንተርኔት ይስባል፤ ቦታ ሳያተርፍ ዳታ ይከስራል። ቦታው በእውነት ሲጠብ ብቻ ማጽዳት ይበቃል።

አይፓድ ላይ ወጥመዱ ሌላ ነው። «ኦፍሎድ አፕ» የሚለው አፑን ብቻ አንሥቶ የአፑን ዳታ እዚያው ይተወዋል። አፑ ሁለት መቶ ሜጋ፣ የወረደው ዘፈን ስምንት ጊጋ ከሆነ ኦፍሎድ ያደረገው ሰው ሁለት መቶዋን አስለቅቆ ስምንቱን አቅፎ ተኛ። መደረግ ያለበት አፑ ውስጥ ገብቶ የወረዱትን ማጥፋት ነው፤ ወይም የአፕል ሙዚቃ ተጠቃሚ ከሆነ «ኦፕቲማይዝ ስቶሬጅ»ን ማብራት። ቦታ ሲጠብ ከቆየ ጊዜ ያልተደመጠውን እሱ ራሱ ያነሣዋል። እኛ ጨክነን የማናጠፋውን ማሽን ያጠፋልናል፤ ማንም አያዝንም።

አይፓድ የሜሞሪ ካርድ ቀዳዳ የለውም። ቀዳዳ ያለው የአንድሮይድ ታብሌት ባለቤት ግን «ካርድ እገዛለታለሁ» ይልና ችግሩን በገንዘብ ይዘጋዋል። ካርዱን ከቶ ፈገግ ይላል፤ አፑ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ድሮው ታብሌቱ ውስጥ ያወርዳል፤ የማውረጃ ቦታውን ራሱ ሰውየው ከሴቲንግ «ኤስዲ ካርድ» ብሎ መቀየር ነበረበት። ከገበያው ደግሞ በማይታመን ዋጋ 512 ጊጋ የተጻፈበት ካርድ አይጠፋም። በውስጡ ያለው ቺፕ መጠኑን ዋሽቶ ነው የሚናገረው፤ እውነተኛው ልክ እስኪሞላ ሁሉ ሰላም ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ይጠፋል ወይም የቀድሞውን ይደመስሳል። ዘፈኑ ከመሃሉ ሲቆረጥ ሰው አፑን ይሰድባል። ካርድ እንደተገዛ ዊንዶውስ ላይ «ኤችቱቴስትደብሊው» (H2testw)፣ ሊኑክስ ላይ «ኤፍስሪ» (F3) በሚባሉት ፕሮግራሞች ጥግ ድረስ ሞልቶ መልሶ ማስነበብ ነው፤ ሰዓታት ይወስዳል፣ ግን ውሸቱ ይወጣል።

በካርዱ ዘፈን ለጓደኛ ለማጋራት ያሰበም ካለ ይቅርበት። ፋይሎቹ የተመሰጠሩ ናቸው፤ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ስማቸው እንኳ አይነበብም፤ ከዚያ አካውንት ውጭ ለማንም አይዘፍኑም። ካርዱን ነቅሎ ለካሜራ አውሶ መመለስም ጣጣ አለው፤ አንዳንዱ አፕ ካርዱን ሲያጣ ማውረጃውን ወደ ውስጥ ይመልስና ታብሌቱን ከየት መጣ ሳይባል ይሞላዋል።

እንግዲህ ስንት ዘፈን ይበቃል? ስፖቲፋይ በአንድ መሣሪያ እስከ 10,000 ይፈቅዳል። ያን የሚያህል በአራት አራት ደቂቃ ቢሰላ ሳይተኙ 27 ቀን ከግማሽ በላይ ነው። የተፈቀደልንን ሁሉ መውሰድ የለመድን ሰዎች ስለሆንን ቁጥሩን እንደ ራሽን እናየዋለን። 100 ዘፈን ግን ስድስት ሰዓት ተኩል ያልፋል፣ በ160 ኪሎቢት 480 ሜጋባይት ነው። «ለመንገድ» የሚል አንድ ፕሌይሊስት ይከፈት፤ የማውረጃው ቀስት እዚያ ላይ ብቻ ይብራ፤ ሌላው አልበም ሁሉ ይጥፋ። አዲስ ዘፈን ሲገባ የሰለቸ አንድ ይውጣ። ከዝርዝሩ የወጣው ከታብሌቱም ይነሣል፤ አገልግሎቱ ላይ ግን አለ፣ በተፈለገ ጊዜ ይመለሳል። ያው ዘፈን በነጠላ፣ በአልበምና በ«ምርጥ ሥራዎች» ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሦስት ዘፈን ስለሚቆጠር ከአንዱ በላይ አይግባ።

ከተለቀቀው ቦታ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊጋ ባዶ ይቆይ። የታብሌቱ ማከማቻ የሆነው ፍላሽ ሜሞሪ የተጻፈበትን ቦታ እላዩ ላይ አይጽፍበትም፤ ሙሉ ክፍሉን አጥፍቶ ነው አዲስ የሚያስገባው፤ ለዚያ መፈናፈኛ ሲያጣ ታብሌቱ ይንቀራፈፋል። የሲስተም ማሻሻያም ቦታ አጥቶ ይቀራል።

መንገደኛ ሌላ ሁለት ነገር ይወቅ። የወረደ ዘፈን የግል ንብረት አይደለም፤ ስፖቲፋይም ዩቲዩብ ሙዚቃም ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ የደንበኝነት ክፍያው መቀጠሉን ካላረጋገጡ ይዘጉታል። ሁለተኛው፣ ማታ «አውርድ» ብሎ ስክሪኑን ዘግቶ የተኛ ሰው ጠዋት ሁሉም ወርዶ አይጠብቀው፤ ባትሪ ቆጣቢው ከጀርባ የሚሠራውን አፕ ያስተኛዋል። ቻርጀር ላይ ሰክቶ፣ ባትሪ ቆጣቢውን አጥፍቶ፣ አፑን ክፍት አድርጎ ማቆየት ነው። ከቤት ከመውጣት በፊት፣ ዋይፋዩ ሳይርቅ፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉትና ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ይዩት፤ ግራጫ ሆኖ አልነካም የሚለው ዘፈን አልወረደም።