«ዴድ ኤንድ»፦ የማያሳልፍ መንገድና የማያሳድግ ሥራ

በአሜሪካ የመኖሪያ ሰፈሮች ከዋናው ጎዳና ወደ ውስጥ ለመታጠፍ የሚያዘግም ሾፌር በማዕዘኑ የቆመ ቢጫ ሰሌዳ ያያል፤ በላዩም በጥቁር ፊደል «ዴድ ኤንድ» ተብሎ ተጽፏል። መንገዱ አያሳልፍም ማለት ነው። በሌላ ሰፈር ደግሞ «ኖ አውትሌት» የሚል ይቆማል፤ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም እንጂ የፊተኛው ያ አንድ መንገድ ጫፉ ዝግ መሆኑን ሲያስታውቅ የኋለኛው ውስጥ ለውስጥ የሚገናኙ መንገዶች ቢኖሩም መውጫው በገቡበት ብቻ መሆኑን ያስጠነቅቃል።

አባባሉ ከጎዳና ወጥቶ ብዙ ቦታ ገብቷል። ፍንጭ ያጣ የፖሊስ ምርመራም ሆነ የተቋረጠ ድርድር «ዴድ ኤንድ ደረሰ» ይባላል። የውሃ አገልግሎት ባለሙያዎችም ከሌላ መሥመር ጋር ያልተገናኘውን የቧንቧ ጫፍ በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ ውሃው እዚያ ቆሞ ጥራቱ እንዳይበላሽ በየጊዜው እየከፈቱ ያፈሱታል።

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ የሚነግርህ ሰሌዳ ሳይሆን ሰው ነው። ወደማታውቀው ቅያስ ስትገባ ከሱቁ ደጃፍ የተቀመጠው ጎረምሳ እጁን እያወዛወዘ «አያሳልፍም!» ይልሃል፤ እሱን ካላየኸው ከቆርቆሮ አጥር ጋር ተፋጠህ፣ ግራና ቀኝ የቆሙትን መኪኖች ላለመንካት እየተሳቀቅህ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ወደኋላ ትነዳለህ። በዚያ ላይ ትናንት ያሳልፍ የነበረው መንገድ ዛሬ ለግንባታ ተቆፍሮ ወይም የሰፈሩ ነዋሪ በር አቁሞበት ሊገኝ ይችላል።

የሚገርመው አሜሪካዊው በአነጋገሩ የሚሸሸውን ነገር በመኖሪያው መፈለጉ ነው። ጫፉ ክብ ሆኖ መኪና ማዞሪያ ያለው ዝግ መንገድ ላይ የተሠራ ቤት ብዙ ፈላጊ አለው፤ አላፊ አግዳሚ መኪና ስለሌለ ልጆች ብስክሌታቸውን ደጅ ይነዳሉ። ኒው ጀርሲ ውስጥ በ1929 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ራድበርን የተባለው ሰፈር ለዚህ አሠራር በምሳሌነት ይጠቀሳል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ቨርጂኒያ ግን በ2009 እ.ኤ.አ. አዳዲስ ሰፈሮች ከአጎራባች መንገዶች ጋር እንዲገናኙ ግዴታ የሚጥል ደንብ አወጣች፤ ምክንያቱም ዝግ መንገድ በበዛ ቁጥር መኪናው ሁሉ ወደ ጥቂት ዋና ጎዳናዎች ይጎርፋል፣ አምቡላንሱም ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። የእኛ ሰው ጭንቅ የሚያየው ግን ለቅሶ የመጣ ዕለት ነው፤ የለቀስተኛው መኪና ክቡን ሞልቶ የጎረቤትን በር ይዘጋል፣ ባለቤቱም ሐዘኑን ትቶ የመኪና ቁልፍ ያፈላልጋል።

እኛን ይበልጥ የሚነካን ግን «ዴድ ኤንድ ጆብ» የሚለው አጠራር ነው፤ ዕድገት የሌለው ሥራ ማለት ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የመኪና ማቆሚያ ሥራ ኢትዮጵያውያን በብዛት የተሰማሩበት መሆኑ የታወቀ ነው። አሜሪካዊው ያንን ሥራ የሚመዝነው ቀጥሎ ወዴት ያደርሳል ብሎ ነው፤ አገር ቤት ያለው ዘመድ ደግሞ ሥራው ቋሚ መሆኑን ብቻ ይጠይቃል፣ «ቋሚ ነው» ሲባል «ተመስገን» ይላል። ሁለቱም ጉዳዩን በግማሽ ነው የሚያዩት ባይ ነኝ። በመኪና ማቆሚያው የመስታወት ክፍል ተቀምጦ ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ፣ ለእናቱም ቤት ያሠራ ሰው ሥራ የትም አላደረሰም ማለት ግፍ ነው። የሒሳብ ወይም የምሕንድስና ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጦ «ለጊዜው» ብሎ የገባበት ሥራ ላይ ፀጉሩ የሸበተ ሰውም አለ፤ እሱን በደመወዙ መደበኛነት ብቻ ማጽናናት አይቻልም።

ከዚህ የወጡት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሱት መንገድ የጤና ሙያ ነው፤ በረዳት ነርስነት ሥልጠና ይጀምሩና እየሠሩ፣ በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም በሰሜን ቨርጂኒያው ኮሚኒቲ ኮሌጅ እየተማሩ ነርስ ይሆናሉ። ይህ ግን የሥራ ሰዓቱን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ፈረቃው በየሳምንቱ ለሚቀያየርበት፣ ማታ ልጅ የሚይዝለት ለሌለውም አባወራ የኮሌጁ በር መከፈቱ ብቻውን ብዙም አይፈይድለትም።