ስኮች አይሪሾች ከድንቹ ረሃብ በፊት ነው አሜሪካ የመጡት
ስለ አሜሪካ ሰፋሪዎች እዚህ የተለጠፈው ጽሑፍ «ስኮች አይሪሾች በድንች ረሃብ የተሰደዱ አየርላንዳውያን ናቸው» ይላል። ይቺ እንኳን አትሆንም። አየርላንድ ውስጥ የድንች ሰብል በበሽታ ሲጠፋ የተነሳው ያ ረሃብ የጀመረው በፈረንጆቹ 1845 ነው፤ እነዚህኞቹ ግን ከ1718 ጀምሮ ነው በገፍ አሜሪካ የገቡት። አብዛኞቹ በ1600ዎቹ ከስኮትላንድ ቆላማ ክፍል ተነስተው ሰሜን አየርላንድ፣ አልስተር የሰፈሩ፣ ፕሬስቢቴሪያን የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ልጅና የልጅ ልጅ ናቸው። ከአልስተር ያስወጣቸው የመሬት ኪራይ መናርና በሃይማኖታቸው ምክንያት ከሹመት መገለላቸው ነው። ከላይ በአስተያየትህ «ንጹህ ኬልቶች ናቸው» ያልከው ወንድሜ፣ እሱም ያከራክራል። የብዙዎቹ አያቶች ቋንቋ ስኮትስ ነበር፤ የእንግሊዝኛ ዘመድ እንጂ የኬልቶቹ ቋንቋ ጌሊክ አይደለም። እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንተርስቴት 81 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ እመላለሳለሁ። መንገዱ ከሞላ ጎደል እነሱ ከፔንስልቬንያ በጋሪ ወደ ደቡብ የወረዱበትን ይከተላል። ስቶንተን ከተማ ልትደርስ ስትል፣ ፎርት ዲፋያንስ ላይ፣ በ1740ዎቹ የሠሩት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ። አንድ የእረፍት ቀን ቡናዬን ይዤ የድሮ መቃብሩን ዞርኩት። ድንጋዩ ሻግቶ ፊደሉ በጣት ካልዳሰስከው አይነበብም። በነገራችን ላይ ጽሑፉ ለእነሱ የሰጠው የግንድ ጎጆም የራሳቸው ፈጠራ አይደለም። አልስተር ውስጥ የምን ግንድ? ቤታቸው ድንጋይና ጭቃ ነበር። ግንድ መደራረቡን እዚሁ ከስዊድን፣ ከፊንላንድና ከጀርመን ሰፋሪዎች ነው የቀሰሙት።