ዘላቂነትን እናስተምር ካልን እርሳስ እናስይዛቸው

በክፍል ውስጥ ደጋግሜ የማሠራው አንድ ልምምድ አለ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ባዶ ወረቀት እሰጥና የለበሰውን ቲሸርት ታሪክ ከጥጥ ማሳው ጀምሮ በቀስት እያያያዘ እንዲስል እጠይቀዋለሁ። ቃል መጻፍ አይፈቀድም። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይፈጥናል፦ ጥጥ፣ ፋብሪካ፣ መርከብ፣ ሱቅ፣ ሰው። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ መጨረሻው ላይ የቆሻሻ ቅርጫት ሳለችና «ጨረስኩ» አለችኝ። «ከቅርጫቱ የሚወጣው ቀስትስ?» አልኳት። እርሳሷን ወረቀቱ ላይ እንደያዘች ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ቀስቱን ወደ ጠርዝ ሳበችው፤ ቦታ አለቀባት፤ ሁለተኛ ወረቀት ጠየቀችኝ።

ይህችው ተማሪ ከሳምንት በፊት ስለ ዘላቂ ልማት ጥሩ ድርሰት ጽፋ ነበር። በ1987 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የብሩንትላንድ ኮሚሽን የሰጠውን ትርጉም፣ ማለትም የመጪው ትውልድ ፍላጎቱን የማሟላት አቅም ሳይጎዳ የዛሬውን ፍላጎት ማሟላት የሚለውን፣ አሳምራ ታውቀዋለች። ጽሑፍ ግን ብዙ ነገር ያሳልፋል። «ከዚያም ይወገዳል» ብለን ብንጽፍ ማንም ወዴት ብሎ አይጠይቀንም። ቀስት ግን መድረሻ ካላገኘ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ጉድለቱንም የሳለው ሰው ራሱ ከማንም ቀድሞ ያየዋል።

ለዚህ ነው ምስላዊ ንድፍ በዘላቂነት ትምህርት ውስጥ ያለው ቦታ ይቀየር የምለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ትምህርቱ ይሰጣል፣ ፈተናው ይፈተናል፣ ከዚያ «እስቲ አንድ ፖስተር ሥሩ» ይባላል። የሚመጣውም አረንጓዴ ቅጠል ወይም ምድርን ያቀፉ ሁለት እጆች ናቸው። ተማሪዎቹን አልወቅስም። ማስዋቢያ ጠየቅናቸው፣ ማስዋቢያ ሰጡን። ንድፉ መምጣት ያለበት ነገሩ ገና ሳይገባን፣ እንዲገባን ነው።

ሥዕል ግን ይዋሻልም፤ ተማሪ ይህን ሳያውቅ ከዩኒቨርሲቲ መውጣት የለበትም። ዕቃ ተመልሶ ጥቅም ላይ መዋሉን የሚያመለክቱትን፣ እርስ በርስ የሚከታተሉትን ሦስት ቀስቶች የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ምልክቱን በ1970 እ.ኤ.አ. ለውድድር የሠራው ጋሪ አንደርሰን የ23 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ይህን ስነግራቸው የክፍሉ ፊት ሲበራ አያለሁ፤ የእነሱ እኩያ የሳለው ነገር ዓለምን አዳርሷል። ከዚያ ታሪኩን እቀጥላለሁ። በ1988 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ከ1 እስከ 7 ያሉትን የፕላስቲክ ዓይነት ቁጥሮች በተመሳሳይ ቀስቶች ከበባቸው። ቁጥሩ የሚናገረው ዕቃው ከምን ዓይነት ፕላስቲክ እንደተሠራ ብቻ ነው፤ ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል ማለት አይደለም። ሰው ግን ያነበበው ቀስቱን ነው። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ በዓለም ከተፈጠረው የፕላስቲክ ቆሻሻ ተመልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ ተመራማሪዎች አስልተዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው የተሻሻለ መስፈርት ቀስቶቹ በተራ ሦስት ማዕዘን እንዲተኩ ተደረገ፤ አሮጌው ምልክት ግን እስከ ዛሬ ከብዙ ዕቃ ሥር ይገኛል። ተማሪዎቼ የያዙትን የውኃ ጠርሙስ ገልብጠው ሲያዩና እርስ በርስ ሲተያዩ የማየውን ዝምታ በየትኛውም ንግግር አምጥቼው አላውቅም።

የተባበሩት መንግሥታት 17 ዘላቂ የልማት ግቦች የሚታዩባቸው ባለቀለም ሳጥኖችም እንዲሁ በጥያቄ መታየት አለባቸው። ውብ ናቸው፣ በቀላሉ ይታወሳሉ። ነገር ግን እያንዳንዱን ግብ ለብቻው ሳጥን ውስጥ ስለሚያስቀምጡ አንዱ ሌላውን ሲጫን አያሳዩም። ሳጥኖቹን ቆራርጠው በመስመር እንዲያያይዙ ሳዛቸው ክርክሩ ያኔ ይጀምራል።

«የምህንድስናና የኢኮኖሚክስ ተማሪ መሳል አይችልም» የሚል መልስ ከባልደረቦቼ ሰምቻለሁ። ኦቶ ኖይራትም ሠዓሊ አልነበረም፤ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር ነበር። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ቁጥርን ለተራው ሰው በሥዕል የማሳየት ሥራ ሲጀምር ስታቲስቲክስ አዋቂውንና ሠዓሊውን አንድ ላይ አቀናጀ፤ በመካከላቸውም የትኛው ቁጥር እንዴት ይታይ የሚለውን የሚወስን ሰው አስቀመጠ። የሥራ ባልደረባው፣ በኋላም ባለቤቱ የሆነችው ማሪ ኖይራት የሠራችው ይህንን ነበር። እኛም ተማሪዎችን ከተለያየ ትምህርት ክፍል ቀላቅለን ማሠራት እንችላለን። የአየር ንብረት ሳይንቲስቱ ኤድ ሆኪንስ በ2018 እ.ኤ.አ. ያቀረባቸው የሙቀት ሰንበሮችም የረቀቀ የሥዕል ችሎታ አይጠይቁም፤ አንድ ሰንበር አንድ ዓመት ነው፣ ቀለሙ እንደ ዓመቱ ሙቀት ከሰማያዊ ወደ ቀይ ይሄዳል፣ በቃ። ማንኛውም ተማሪ የሚማርበትን ሕንፃ የውኃ ፍጆታ ወር በወር እንደዚያ ማሳየት ይችላል።

ያቺ ተማሪ በዚያ ቀን አራት ወረቀት ጨረሰች። አራተኛው ላይ ቀስቱ በነጠብጣብ ተስሎ በጥያቄ ምልክት ያበቃል። በማግሥቱ የሕንፃውን ቆሻሻ የሚሰበስቡትን ሰው አግኝታ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀቻቸው። አምስተኛው ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ እሳቸው የነገሯት ነው።