ከአቦል እስከ በረካ በሁለት ጎማ

ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። በሚመጣው ቅዳሜ ቤተሰብ ሁሉ የሚሳተፍበት የተራራ ብስክሌት በዓል እንደሚኖር ይናገራል። ብስክሌት የሌለው ይከራያል፤ የራስ ቁር ያላጠለቀ አይነዳም፤ መንገዱ ሦስት ዓይነት ስለሆነ ቤተሰቡ ተመካክሮ ለአቅሙ የሚስማማውን ይምረጥ ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ጎንደሬ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ «ተመካክሮ» እና «ለአቅሙ» በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተስማምተው አያውቁም። ሰው ብቻውን ሲሆን አቅሙን ያውቃል፤ ሲመካከር ይረሳዋል።

መንገዶቹ በቀለም ተለይተዋል። አረንጓዴው በፋሲል ጥምቀተ ባሕር አካባቢ በሜዳ ላይ የሚዞር አጭር መንገድ ነው። ሰማያዊው በጥርጊያ መንገድ ወደ አዘዞ ወርዶ ይመለሳል፤ ደርሶ መልሱ 24 ኪሎ ሜትር ያህል። ጥቁሩ መጀመሪያ ወደ ጎሃ ኮረብታ ያወጣና ከዚያ በበቅሎ መንገድ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኮሶዬ አቅጣጫ ሽቅብ ይቀጥላል። የቀለሙ ሥርዓት ከውጭ የመጣ ነው። ፈረንጆች በበረዶ መንሸራተቻ ተራሮቻቸው ላይ ሲጠቀሙበት ኖረው በኋላ ወደ ብስክሌት አሻገሩት፤ አረንጓዴ ለጀማሪ፣ ሰማያዊ ለለመደ፣ ጥቁር ጉልበቱንም ብልሃቱንም ለሚተማመንበት። አማቴ ግን «ጥቁር» የሚለውን ከጓዳ ሆነው ሲሰሙ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወጡ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ገና ነው፤ ቅዳሜ ነው» አለች ባለቤቴ።

ዓርብ ማታ ቡና ተፈላ። በአቦል ላይ ሁላችንም አስተዋዮች ነበርን። የሦስት ዓመት ልጅ አለን፣ የሰባት ዓመት ልጅ አለን፣ ትልቁ ገና 13 ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ አረንጓዴ ብለን ተስማማን። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይህን ወግ ባልጻፍሁ።

ቶና ሊቀዳ ሲል ጎረቤታችን ሻምበሉ ገቡ። ሻምበሉ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የማንንም ቤት ቡና አሳልፈው አያውቁም። ጉዳዩ ሲነገራቸው ስኒውን አስቀመጡ።

«አረንጓዴ? ተራራ ላይ ተወልዶ ሜዳ ላይ ሊዞር?»

«ሻምበል፣ ልጆች ስላሉ ነው እኮ።»

«ልጆች የሚማሩት አባታቸውን አይተው ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች። እነ ገረመው ደንቦባ በአረንጓዴ መንገድ ነው ሜልቦርን የደረሱት?»

ለዚህ ምን መልስ አለው? ታሪኩ እውነት ነው፤ ከእኔ ጉልበት ጋር ምን እንዳገናኘው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቢሆንም በቶና ላይ ሰማያዊ ሆንን። በረካ ሲቀዳ እኔ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ኮሶዬ ደርሼ ገደሉን ቁልቁል እያየሁ ነበር፤ ሻምበሉ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደባርቅ ገብተዋል። ቡናችን አራተኛ ስኒ ቢኖረው ኖሮ ራስ ዳሽን ላይ እናድር ነበር።

ረከቦቱን የምታነሣው ባለቤቴ ናት ከደባርቅ የመለሰችን።

«አንተ ለመጨረሻ ጊዜ ብስክሌት የነዳኸው መቼ ነው?»

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያኔ ብስክሌት በደቂቃ እንከራይ ነበር። አከራዩ የእጅ ሰዓቱን እያየ «ሰዓትህ አልቋል!» ብሎ ሲጮህ ያልሰማን መስለን አንድ ዙር እንሰርቃለን። ይህን አልነገርኋትም። «ብስክሌት አይረሳም» አልሁና በአስታራቂነት ሰማያዊውን መረጥሁ። ከጥቁር ወደ ሰማያዊ መውረዴን እኔ እንደ ትሕትና ቆጠርሁት።

«ደግ፤ እናንተ ክብራችሁን ንዱ፤ እኔ ሁለቱን ሕጻናት ይዤ አረንጓዴው ላይ ነኝ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ምዝገባው ጃንተከል ዋርካ ሥር ነበር። ሰዉ የመጣው ለብስክሌት ይሁን ለሰርግ መለየት ያስቸግራል። አማቴ ድፎ ዳቦ፣ ጀበናና በጀሪካን ጠላ አስይዘዋል። አንዲት ወጣት ስም ትጽፋለች፤ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር የምታወጋው ግን ሐኪም በሽተኛውን እንደሚጠይቅ ነው።

«ጋሼ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ይነዳሉ?»

«እንደ ሁኔታው።»

ቀና ብላ አየችኝና ምክሯን ጀመረች። ኪሎ ሜትሩን አትመልከቱ፤ በጠቅላላው ስንት ሜትር ሽቅብ እንደሚወጣ ጠይቁ። ሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር መንዳት 8 ኪሎ ሜትር አቀበት ከመውጣት ይቀላል። ማርሽ የሚቀነሰው ዳገቱ ሳይጀመር ነው። ቁልቁለት ላይ ኮርቻውን ዝቅ፣ ሰውነትን ወደ ኋላ፤ ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ፣ በቀስታ፤ የፊተኛውን ብቻ በድንገት የጨበጠ በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወድቃል።

«ዋናው ግን» አለች፣ «መንገድ የሚመረጠው ከቤተሰቡ በጣም ደካማው ሰው በሚችለው ልክ ነው።»

የሦስት ዓመቱን ልጄን ለማሳየት ዞር ስል፣ ባለቤቴ፣ አማቴና ሁለቱ ትልልቆቹ ልጆቼ እኔን እያዩኝ አገኘኋቸው።

ለትንሹ የተሰጠው ብስክሌት ፔዳልም ካቴናም የለውም፤ ልጁ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነው የሚሄደው። አማቴ ዙሪያውን መረመሩት።

«ለግማሽ ብስክሌት ሙሉ ኪራይ ከፈላችሁ?»

ወጣቷ ሕፃን መጀመሪያ ሚዛን መጠበቅን እንደሚማር፣ ፔዳሉ ኋላ እንደሚመጣ አስረዳች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለትሽ ነው» ብለው ተቀበሏት። ከቤተሰቡ ለአቅሙ የሚስማማ ነገር ያገኘው እሱ ብቻ ነው።

ሻምበሉ ለጥቁሩ ተመዘገቡ። የራስ ቁሩን ከባርኔጣቸው በላይ ካላደረግሁ ብለው ትንሽ ተከራከሩ፤ ከዚያ ሰላምታ ሰጥተውን ሄዱ።

እኛም ወረድን። ወደ አዘዞ መውረድ ምን ያህል እንደሚያስደስት ልነግራችሁ አልችልም። ነፋሱ ሸሚዜን እንደ ሸራ ነፋው። የጥርጊያው ጠጠር ከጎማው ሥር ይንጫጫል፤ እረኞች «በርታ!» ይሉኛል፤ እኔም እጄን አነሣለሁ። ዕድሜዬ ከኪሎ ሜትር ወደ ኪሎ ሜትር ቀነሰ። አዘዞ ስደርስ በግምት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሆኛለሁ። እንዲያውም ሻምበሉን ተከትዬ ጥቁሩን ባለመምረጤ ተቆጨሁ።

ቁልቁለት ብድር መሆኑ፣ ብድሩም ወለድ እንዳለው የገባኝ ፊቴን ወደ ጎንደር ሳዞር ነው። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ሲቆረቁሩ የመረጡት በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ያለውን ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩም እንደ ቆላ ሞልቶ የተረፈ አይደለም። ለቤተ መንግሥት መልካም ቦታ ነው፤ ለብስክሌተኛ ግን ከከተማው ወደ ደቡብ መውጣት በሳቅ፣ መግባት በለቅሶ ነው። አዘዞ ደግሞ የአባታቸው የዐፄ ሱስንዮስ ቦታ ናት። ገነተ ኢየሱስን ያሠሩት፣ የተቀበሩትም እዚያው ነው። አባትና ልጅን የለያያቸው የካቶሊክ እምነት ጉዳይ ነው ሲባል አንብቤ አምኜ ነበር። ያን ቀን ግን ዳገቱም እጁ ሳይኖርበት አይቀርም ብዬ ጠረጠርሁ። ጎንደር ላይ የከተመ ልጅ አባቱን ሊጠይቅ ቢነሣ እንኳ መመለሻውን አስቦ ይቀራል።

የመጀመሪያው ዳገት እኩሌታ ላይ ማርሽ እንዳልቀነስሁ ትዝ አለኝ። እዚያው፣ እግሬ እየተንቀጠቀጠ፣ በኃይል ስቀንሰው ካቴናው ወለቀ። ወርጄ ስመልሰው እጄ እስከ ክርኔ ጠቆረ። እንደ ምንም ጥቁር ደረሰኝ ማለት ነው። ትልቁ ልጄ ዳገቱን ወጥቶ፣ እኔን ሲያጣ ተመልሶ ወርዶ አጠገቤ ቆመ።

«አባዬ፣ ማርሹ ቀደም ብሎ ይቀነስ ተብሎ አልነበር?»

«ሂድ፤ እኔ አገሩን እያየሁ እመጣለሁ።»

ሄደ። አሁንም ተመለሰ። እኔ አንዴ መውጣት ያቃተኝን ዳገት እሱ እኔን ለመጠየቅ ሲል ሁለቴ ወጣው። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ተቆጣሁት፤ አባት ሲያፍር ሌላ ምን ያደርጋል? ከደረቴ ውስጥ ደግሞ ያ የድሮ አከራይ «ሰዓትህ አልቋል!» እያለ ይጮሃል። ያን ጊዜ ያልሰማሁ መስዬ የሰረቅሁትን ዙር አሁን በአንድ ላይ የሚያስመልሰኝ መሰለኝ።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ስሄድ የማገዶ ሸክም የተሸከሙ እናት ከኋላዬ መጥተው ደረሱብኝ። ሸክማቸው ከራሳቸው ይበልጣል፤ ትንፋሻቸው ግን አይሰማም። ብስክሌቱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ምነው ልጄ፣ ታሞብህ ነው?»

«ደህና ነው እማማ፤ ዳገቱ ነው።»

«አይዞህ፣ ዳገቱስ ገና ነው» ብለው አልፈውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ጀርባቸውን እንጂ ፊታቸውን አላየሁም፤ ጀርባቸውንም ብዙ አላየሁትም።

ካፈርሁ አይመልሰኝ ብዬ ሌላ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ገፋሁ። ከዚያ ባጃጅ መጣ። ሾፌሩ የፊተኛውን ቸርኬ ፈትቶ፣ የቀረውን አካል በተሳፋሪዎች ጉልበት ላይ አጋደመው። ከውስጥ የነበሩ አንድ መሪጌታ ጃንጥላቸው ከቸርኬው ራጂዎች መካከል ገብቶ እስከ ፒያሳ ድረስ ሲታገሉ፣ ምንም ክፉ ቃል ሳይወጣቸው «እግዚአብሔር ያውጣህ» ብቻ ይሉ ነበር። ለእኔ ይሁን ለጃንጥላው አልጠየቅሁም። ሾፌሩ የሁለት ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ።

ፒያሳ ስወርድ ሻምበሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ማኪያቶ ይጠጣሉ። ልብሳቸው ላይ አቧራ የለም።

«ሻምበል! ኮሶዬ ደርሰው ተመለሱ?»

«ጥቁሩ እንደተወራለት አይደለም» አሉ፣ አረፋውን በማንኪያ እየገፉ። «በጣም ቀላል ነው።»

ኋላ ከሌሎች እንደሰማሁት፣ የጎሃን አቀበት ሳያጋምሱ ብስክሌቱን አዙረው፣ አንዴም ፔዳል ሳይረግጡ እስከ ፒያሳ ተንከባለዋል። ሳስበው ከሁላችን የተሻለ የመረጡት እሳቸው ናቸው። ሽቅብ የሚጀምር መንገድ አቅምህን ገና በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ይነግርሃል፤ ተስፋ ብትቆርጥም ቤትህ ከታች ነው። ቁልቁል የሚጀምረው ግን እያሳሳቀ ወስዶ፣ ምስጢሩን የሚነግርህ ከቤትህ 12 ኪሎ ሜትር ከራቅህ በኋላ ነው። ይህን በምዝገባው ወረቀት ላይ በትልቁ መጻፍ ነበረባቸው። ቢጻፍም በረካ ላይ እንረሳው ነበር።

ጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ቤተሰቤን አገኘሁ። ትልቁ ልጄ ቀድሞኝ ደርሶ ድፎ ዳቦ ይገምጣል። ትንሹ በግማሽ ብስክሌቱ ላይ ግንባሩን ደፍቶ ተኝቷል። አማቴ ቡናውን በአዲስ ወዳጅነት ለማያውቁት ቤተሰብ ሁሉ ያድላሉ። ሴቷ ልጄ አረንጓዴውን ሦስት ጊዜ ዞራ በእጇ ላይ አረንጓዴ ክር ታስሮላታል፤ እየሮጠች መጣች።

«አባዬ፣ አንተ የትኛውን ቀለም ጨረስህ?»

ባለቤቴ ስኒውን እንደያዘች ቀና አለች። ልጄም ዳቦውን አቁሞ አየኝ።

«ሰማያዊውን» አልሁ። ባጃጁ ሰማያዊ ነበር።