ዩኒቨርሲቲ በመምህር ብቻ አይቆምም
«ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥራ የሚገኘው ሦስተኛ ዲግሪ ላለው ብቻ ነው» የሚለው፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የወጣው የዚህ ጽሑፍ አባባል አልተዋጠልኝም። ተማሪ የሚመዘግበውና ውጤት የሚይዘው ሬጅስትራሩስ? ቤተ መጻሕፍቱ፣ ላብራቶሪው፣ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ክፍሉ (አይሲቲው)፣ ፋይናንሱ፣ የተማሪዎች ምክር አገልግሎቱ? እነዚህ ሁሉ ሰው ይፈልጋሉ፤ ለብዙዎቹ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪና የሥራ ልምድ ይበቃል። የላብራቶሪ ቴክኒሻኑ የቀረ ቀን ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ማሽኑን ማስነሳት ሊያቅታቸው ይችላል። ከላይ በአስተያየትህ «ቅጥሩ ሁሉም በዘመድ ነው» ላልከው ወንድሜ፣ አድልዎ የለም አልልም። ግን ማመልከቻ የሚያጣራ ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ገና ከበሩ ነው። ኮሚቴው የነጥብ መስጫ ቅጽ ይይዛል። ማስታወቂያው ላይ «የግድ» የተባለው እያንዳንዱ መስፈርት እዚያ የራሱ ረድፍ አለው። «የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ችሎታ» ከተባለ፣ በየትኛው ሶፍትዌር ምን እንደሠራህ ካልጻፍክ ማንም ገምቶ ነጥብ አይሰጥህም። አንዱን ደብዳቤ ለሁሉም ቦታ የሚልክማ ወዲያው ይታወቃል፤ የሌላውን ዩኒቨርሲቲ ስም እንኳ ሳይቀይር የላከ አለ! ለመምህርነት የምታመለክቱ ደግሞ የናሙና ትምህርቱን፣ ማለትም ለፈተና ቀማሾቹ የምታስተምሩትን አጭር ትምህርት፣ አትናቁት። ብዙ ጥናት ያሳተመ ሰው ሰሌዳ ፊት ቆሞ አንድ ቀላል ሐሳብ ለጀማሪ ማስረዳት ሲያቅተው አይቻለሁ። የድኅረ ዶክትሬት ቦታ (ከሦስተኛ ዲግሪ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የሚያዝ የምርምር ሥራ) ካያችሁ የኮንትራቱን ዘመን በደንብ አንብቡ። የዚህ ሥራ ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው ከምርምር ድጋፍ ገንዘብ ስለሆነ፣ ኮንትራቱ ይታደሳል ወይስ አይታደስም የሚለውን ቃለ መጠይቁ ላይ ሳታፍሩ ጠይቁ።